የሃያ አምስት ዶላር መቀጮ፤ የሆመር ፕሌሲ ሕይወትና የአንድ ቀላል ክስ ውጤት

በ1897 ዓ.ም. ጃንዋሪ 11 ቀን ሆመር ፕሌሲ የተባለ ጫማ ሰፊ በኒው ኦርሊየንስ ከተማ የወንጀል ችሎት ፊት ቀርቦ የተመሠረተበትን ክስ አመነ፤ ሃያ አምስት ዶላር መቀጮም ከፈለ። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የተከሰሰው ከዚያ ቀን አራት ዓመት ተኩል ያህል አስቀድሞ ነበር፤ ጥፋቱም ለዘሩ ባልተመደበ የባቡር ፉርጎ ውስጥ ተቀምጦ አልነሣም ማለቱ ነው። የክሱን ዓይነትና የመቀጮውን መጠን ብቻ ለሚመለከት ሰው ጉዳዩ ከተራ የደንብ መተላለፍ የሚበልጥ አይመስልም። ይሁን እንጂ በዚህ ክስ ምክንያት የተሰጠው ፍርድ የአንድን ታላቅ አገር ሕግ ለ58 ዓመታት ይዞ ቆየ፤ በፕሌሲ ስም ላይ ያረፈውም የጥፋተኝነት መዝገብ እርሱ ከሞተ በኋላ ከ90 ዓመታት በላይ ሳይነሣለት ኖረ።

በአሜሪካ ሕግ ወንጀሎች በጠቅላላው ከባድና ቀላል ተብለው በሁለት ይከፈላሉ። ፕሌሲ በተከሰሰበት በሉዊዚያና ግዛት ከባድ ወንጀል የሚባለው በሞት ወይም ከከባድ የጉልበት ሥራ ጋር በሚፈጸም እስራት የሚያስቀጣው ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ በቀላል ወንጀልነት ይመደባል። ስለዚህ ቀላል የሚለው ቃል የቅጣቱን ጣሪያ ያመለክታል እንጂ ክሱ የሚያስከትለውን ውጤት ሁሉ አይገልጽም። ቀላል ክስም ቢሆን በፖሊስ መያዝን፣ ዋስ መጥራትን፣ ችሎት መመላለስንና በጥፋተኛነት መዝገብ መስፈርን ሊያመጣ ይችላል። ከዚህም በላይ የቅጣቱ ማነስ ራሱ የይግባኝን በር የሚዘጋበት ጊዜ አለ። የሆመር ፕሌሲ ሕይወት ይህን ሁሉ በአንድነት የሚያሳይ ነው።

ፕሌሲ የተወለደው በ1860ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ገና ሳያበቃ፣ በኒው ኦርሊየንስ ነበር። አባቱ አናጢ፣ እናቱም ልብስ ሰፊ ነበሩ። ቤተ ሰቡ ፈረንሳይኛ ከሚናገሩት፣ ከባርነት ዘመን ማብቂያ አስቀድሞም ነፃ ሆነው በእጅ ሥራቸው ይተዳደሩ ከነበሩት ጥቁርና ቅልቅል ዘር የከተማይቱ ነዋሪዎች ወገን ነው። አባቱ በ1869 ዓ.ም. ሲሞት እናቱ ሌላ ባል አገባች። የእንጀራ አባቱ በፖስታ ቤት ጸሐፊነት ያገለግል የነበረ ሲሆን ከጫማ ሰፊዎች ቤተ ሰብ የተገኘ፣ ለዜጎች እኩልነት በተደረገው የፖለቲካ እንቅስቃሴም የተሳተፈ ሰው ነበር። ልጁም ሙያውን ከዚሁ ቤት ወረሰ።

ፕሌሲ ያደገበት ዘመን ብዙ ተስፋ የታየበት ነበር። በ1867 ዓ.ም. የኒው ኦርሊየንስ የከተማ ባቡሮች ጥቁሩንም ነጩንም ሳይለዩ ማሳፈር ጀመሩ። በ1868 ዓ.ም. የወጣው የሉዊዚያና ሕገ መንግሥት በሕዝብ ማመላለሻና በትምህርት ቤት ማንም ሰው በዘሩ ምክንያት እንዳይለይ ደነገገ። በዚያው ዓመት የጸደቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 14ኛ ማሻሻያም ማንኛውም ግዛት ለሰዎች እኩል የሕግ ጥበቃን እንዳይነፍግ አዘዘ። ነገር ግን በ1877 ዓ.ም. የፌዴራሉ ጦር ከደቡብ ከተነሣ በኋላ የተሰጠው መብት አንድ በአንድ ይነጠቅ ጀመር። በልጅነቱ ነፃነትን አይቶ ያደገው ትውልድ በጉልምስናው መገደብ ሲመጣበት ዝም ብሎ የሚቀበል አልሆነም። ፕሌሲም በ1887 ዓ.ም. የከተማይቱ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች እንዲሻሻሉ በሚጥር ማኅበር ውስጥ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ አገለገለ። በሚቀጥለው ዓመት ትዳር ይዞ ትሬሜ በሚባለው ሰፈር መኖር ጀመረ።

በ1890 ዓ.ም. የሉዊዚያና ምክር ቤት የተለያዩ ፉርጎዎች ሕግ ተብሎ የሚታወቀውን ድንጋጌ አወጣ። ሕጉ የባቡር ኩባንያዎች ለነጮችና ለጥቁሮች እኩል ግን የተለያየ ማረፊያ እንዲያዘጋጁ ያዝዛል፤ ይህም የሚፈጸመው በእያንዳንዱ የመንገደኛ ባቡር ላይ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ፉርጎዎችን በማሰማራት፣ አለዚያም አንዱን ፉርጎ በግድግዳ በመክፈል ነው። የከተማ ባቡሮች ከሕጉ ውጭ ተደረጉ። የሌላውን ዘር ልጆች የሚጠብቁ ሞግዚቶችም እንዲሁ ተፈቀደላቸው፤ ስለዚህ አንዲት ጥቁር ሴት የነጭ ልጅ አቅፋ መቀመጥ የምትችልበት ወንበር ለብቻዋ በገባች ጊዜ ይከለከላት ነበር።

የሕጉ የቅጣት ክፍል በጥንቃቄ ሊመረመር የሚገባው ነው። ከተመደበለት ፉርጎ ውጭ ካልተቀመጥሁ ብሎ የጸና መንገደኛ ሃያ አምስት ዶላር ይቀጣል፤ ወይም በምትኩ እስከ ሃያ ቀን ይታሰራል። ሆኖም ቅጣቱ በመንገደኛው ላይ ብቻ አልቆመም። መንገደኛን ለዘሩ ካልሆነ ፉርጎ የመደበ የባቡር ሹም ያው ሃያ አምስት ዶላር ወይም ሃያ ቀን ይጠብቀዋል። ሕጉን ለማስፈጸም እምቢ ያለ ቲኬት ተቆጣጣሪ ከ25 እስከ 50 ዶላር ይቀጣል። ሕጉን ያልፈጸሙ የኩባንያ ሹማምንትና ዲሬክተሮች ደግሞ በቀላል ወንጀል ተከስሰው ከ100 እስከ 500 ዶላር መቀጮ ይከፍላሉ። በዚህ ዓይነት ምክር ቤቱ የዘር ልዩነትን የማስፈጸም ሥራ በዳኛ ወይም በፖሊስ ላይ ሳይሆን በባቡር ሠራተኛው ላይ ጣለ። ቲኬት መቁጠርና ባቡሩን በሰዓቱ ማድረስ ሥራው የነበረው ሰው የመንገደኛውን ፊት አይቶ ዘሩን እንዲወስን ተገደደ፤ ቢሳሳትም ቢያመነታም ራሱ ተከሳሽ ይሆናል።

ኩባንያዎቹ ሕጉን አልወደዱትም፤ ምክንያቱም በግማሽ ባዶ ሆኖ ለሚጎተት ተጨማሪ ፉርጎ ወጪ ማድረግ ነበረባቸው። ይህ ቅሬታ ግን ከሒሳብ የመነጨ እንጂ ከፍትሕ የመነጨ ባለመሆኑ በይፋ ለመከራከር የተነሣ ኩባንያ አልተገኘም። ሸክሙን የተቀበሉት ሕጉ የነካቸው ዜጎች ራሳቸው ነበሩ። በ1891 ዓ.ም. ሴፕቴምበር ወር የኒው ኦርሊየንስ ነጋዴዎች፣ ጸሐፊዎችና ባለ እጆች ተሰብስበው የዜጎች ኮሚቴ የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ከመሪዎቹ መካከል ጠበቃውና የክሩሴደር ጋዜጣ አዘጋጅ ሉዊ ማርቲኔና ጸሐፊው ሮዶልፍ ዴዱን ይገኙበታል። ከሕዝብ በተዋጣ ወደ 3,000 ዶላር በሚጠጋ ገንዘብ ክርክሩን እስከ መጨረሻው ፍርድ ቤት ለማድረስ ቆረጡ። በሰሜን የሚኖረው ስመ ጥር ጠበቃና ደራሲ አልቢዮን ቱርዤም ያለ ምንም ክፍያ ሊከራከርላቸው ተስማማ።

ኮሚቴው ክሱን ያዘጋጀበት መንገድ መሐንዲስ አንድን መሣሪያ ሲፈትሽ ከሚከተለው ዘዴ ጋር ይመሳሰላል። ሊጠና የተፈለገው ነገር አንድ ብቻ እንዲሆን ሌላው ምክንያት ሁሉ አስቀድሞ መወገድ ነበረበት። የመጀመሪያው ሙከራ የተደረገው በ1892 ዓ.ም. ፌብሩዋሪ 24 ቀን በሮዶልፍ ዴዱን ልጅ በዳንኤል ነው፤ ይህ ወጣት ወደ አላባማ ግዛት በሚሄድ ባቡር ላይ ተሳፍሮ ተያዘ። ነገር ግን በሜይ ወር የሉዊዚያና ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ባቡር ተቆጣጣሪ በተከሰሰበት ሌላ መዝገብ ላይ ሕጉ ከግዛት ወደ ግዛት በሚጓዝ መንገደኛ ላይ እንደማይሠራ ስለ ወሰነ የዳንኤል ክስ ተዘጋ። ውሳኔው ለተከሳሹ ድል ቢሆንም በግዛቱ ውስጥ ለሚጓዘው ሕዝብ ምንም አልፈየደም። ስለዚህ ጉዞው ከግዛቱ ድንበር የማይወጣ ሌላ ሰው ተፈለገ፤ ሆመር ፕሌሲም ለዚህ ተመረጠ።

ለምርጫው ምክንያት የሆነው የፕሌሲ መልክ ነበር። በመዝገቡ እንደ ተገለጸው ከስምንቱ ቅድመ አያቶቹ ሰባቱ ነጮች በመሆናቸው በመልኩ ከነጭ አይለይም ነበር። ቱርዤ ይህን የፈለገው ሕጉ ራሱ ሊመልሰው የማይችለውን ጥያቄ ለማንሣት ነው፤ ይኸውም በዓይን ሊለይ ያልቻለውን ዘር ቲኬት ተቆጣጣሪው በምን ለክቶ ሊወስን ይችላል የሚል ነበር። ኮሚቴው ከባቡር ኩባንያው ጋር አስቀድሞ ተነጋገረ፤ የመያዝ ሥልጣን ያለው የግል መርማሪም ቀጠረ። ይህ የተደረገበት ምክንያት ለቀላል ክስ ትምህርት የሚሆን ነው። ፕሌሲን ተራ ፖሊስ ቢይዘው ኖሮ ጸጥታ በማወክ ወይም ያለ ሥራ በመዞር ሊከሰው ይችል ነበር፤ ያን ጊዜ ዳኛው ስለ ሰውዬው ጠባይ እንጂ ስለ ሕጉ ትክክለኛነት የሚመረምረው ነገር አይኖርም። ክሱ የትኛውን አንቀጽ እንደሚጠቅስ ፍርድ ቤቱ የትኛውን ጥያቄ እንደሚመልስ ይወስናል።

በ1892 ዓ.ም. ጁን 7 ቀን፣ ዕድሜው ወደ ሠላሳ የተጠጋው ፕሌሲ በፕሬስ መንገድ ካለው ጣቢያ የአንደኛ ማዕረግ ቲኬት ቆርጦ ከፖንቻርትሬን ሐይቅ ማዶ ወደምትገኘው ወደ ኮቪንግተን ከተማ በሚሄደው ባቡር ላይ ወጣ። በነጮች ፉርጎ ውስጥም ተቀመጠ። ተቆጣጣሪው ዘሩን በጠየቀው ጊዜ ሳይደብቅ ተናገረ፤ ወደ ሌላው ፉርጎ እንዲሄድ ሲታዘዝም አልሄድም አለ። ባቡሩ ቆመ፤ መርማሪው ካይን ከፉርጎው አውርዶ ያዘው። ፕሌሲ በ500 ዶላር ዋስትና ተለቀቀ። ዋስትናው የመቀጮው ሃያ እጥፍ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ ከኋላው ኮሚቴ ያልቆመለት ተራ ሠራተኛ ቢሆን ኖሮ ሊፈረድበት ከሚችለው ቅጣት የከበደው ከፍርዱ በፊት የሚጠብቀው ነገር በሆነበት ነበር።

ክሱ የቀረበው በዳኛ ጆን ሃዋርድ ፈርጉሰን ችሎት ነው። የፕሌሲ ጠበቃ ጄምስ ዎከር ስለ ድርጊቱ መፈጸም አልተከራከረም፤ ይልቁንም ሕጉ የአሜሪካን ሕገ መንግሥት 13ኛና 14ኛ ማሻሻያዎች ስለሚጥስ ችሎቱ ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን የለውም ሲል የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ አቀረበ። ዳኛው በኖቬምበር ወር መቃወሚያውን ውድቅ አደረገ። በዚህ ጊዜ የክሱ ቀላልነት እንቅፋት ሆነ። በሃያ አምስት ዶላር መቀጮ ወይም በሃያ ቀን እስራት በሚያልቅ ክስ ላይ ለግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት አይቻልም ነበር። በከባድ ወንጀል የተከሰሰ ሰው የሚያገኘውን መንገድ በቀላል ወንጀል የተከሰሰው አጣ። ስለዚህ ጠበቆቹ ፍርዱ ከመሰጠቱ በፊት፣ የበታች ዳኛው በጉዳዩ እንዳይቀጥል የሚያግድ ትእዛዝ እንዲሰጥላቸው ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በቀጥታ አመለከቱ። መዝገቡ ፕሌሲና ፈርጉሰን የሚል ስም ይዞ የቀረው በዚህ የተነሣ ነው። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዲሴምበር 1892 ዓ.ም. ሕጉ የጸና ነው ሲል ወሰነ። የዚያ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ፍራንሲስ ኒኮልስ ከሁለት ዓመት በፊት አገረ ገዥ ሳለ ይህንኑ ሕግ በፊርማው ያጸደቀ ሰው ነበር።

ጉዳዩ ከዚያ ወደ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሸጋገረ። ቱርዤ የዳኞቹን አዝማሚያ አይቶ ስለ ሠጋ ክርክሩ እንዲፋጠን አልገፋም። ፕሌሲም በዋስ እንደ ተለቀቀ፣ ሳይፈረድበትና ነፃም ሳይባል ዓመታት አለፉ። በመጨረሻም ክርክሩ በ1896 ዓ.ም. ኤፕሪል 13 ቀን ተሰማ፤ ሜይ 18 ቀንም ሰባት ለአንድ በሆነ ድምፅ ተፈረደበት። ዳኛ ሄንሪ ብራውን የጻፈው የአብላጫው ፍርድ 14ኛው ማሻሻያ የሚያስከብረው በሕግ ፊት ያለውን እኩልነት እንጂ የማኅበራዊ ኑሮን መቀላቀል እንዳልሆነ አተተ። በመለየቱ የውርደት ምልክት አለበት የሚል ቢኖርም ትርጉሙን የሚሰጠው ጥቁሩ ራሱ እንጂ ሕጉ አይደለም ሲል ደመደመ። ፕሌሲ ጥቁር ነው ወይስ ነጭ የሚለውን ጥያቄ ደግሞ ለየግዛቱ ሕግ ተወው። ቱርዤ ሊያስመረምር የፈለገው ዋና ነጥብ በዚህ ዓይነት መልስ ሳያገኝ ቀረ።

በዚህ ክርክር ውስጥ ለባለ ሙያ ትኩረት የሚገባው አንድ ነጥብ አለ። ሕጉ ተቆጣጣሪውና ኩባንያው እንቢተኛውን መንገደኛ ባያሳፍሩ ለሚደርስበት ጉዳት ተጠያቂ እንዳይሆኑ የሚከላከል አንቀጽ ነበረው። ይህ ክፍል ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደማይስማማ የግዛቱ ጠበቃ ራሱ አመነ። እንግዲህ የዘር ዳኝነትን ሥራ ለባቡር ሠራተኛ የሰጠው ሕግ ከስሕተቱ ኃላፊነት ሊያድነው አልቻለም።

ብቸኛውን የልዩነት ሐሳብ የጻፈው ዳኛ ጆን ማርሻል ሃርላን ነው። ሃርላን የኬንታኪ ሰው ሲሆን ባሪያ ከሚያሳድር ቤተ ሰብ የተወለደ ነበር። የሕጉ ዓላማ ጥቁሮችን ከነጮች ፉርጎ ማራቅ መሆኑን ማንም ሰው እንደሚያውቅ፣ ሕገ መንግሥቱም ዜጎችን በቀለም ሊለይ እንደማይገባው ገለጸ። ፍርዱ ባርነትን ካጸናው ከ1857 ዓ.ም. የድሬድ ስኮት ፍርድ ያላነሰ ጉዳት እንደሚያመጣም አስጠነቀቀ። ድምፁ ግን አንድ ነበርና የፕሌሲን ጉዳይ አላዳነም።

መዝገቡ ወደ ኒው ኦርሊየንስ ተመልሶ ፕሌሲ በመግቢያው እንደ ተገለጸው ጥፋቱን አምኖ መቀጮውን ከፈለ። ኮሚቴውም ሥራውን ፈጽሞ ተበተነ። የፍርዱ ውጤት ግን በዚያ አላበቃም። በ1898 ዓ.ም. ሉዊዚያና አዲስ ሕገ መንግሥት አውጥታ የጥቁሮችን የምርጫ መብት አጠበበች፤ በ1896 ዓ.ም. 130,334 የነበረው የተመዘገቡ ጥቁር መራጮች ቁጥር በ1900 ዓ.ም. ወደ 5,320 ወረደ። በ1902 ዓ.ም. የመለያው ሕግ ቀድሞ ነፃ ወደነበሩት የከተማ ባቡሮች ተዛመተ። በሌሎች የደቡብ ግዛቶችም ትምህርት ቤቱ፣ ሆስፒታሉ፣ የመጠጥ ውሃ ቧንቧው ሳይቀር በዘር ተከፈለ። የዚህ ሁሉ ሕጋዊ መሠረት በአንድ የሃያ አምስት ዶላር ክስ ላይ የተሰጠው ፍርድ ነበር።

ፕሌሲ ከዚያ ወዲህ የኖረው ጸጥ ያለ ኑሮ ነው። ጫማ በፋብሪካ መመረት ሲበዛ የእጅ ጫማ ሰፊዎች ሥራ እየቀነሰ ስለ ሄደ በቀን ሠራተኛነት፣ በመጋዘን ሠራተኛነትና በጸሐፊነት አገለገለ፤ በመጨረሻም የአንድ የሕይወት ኢንሹራንስ ኩባንያ ዓረቦን ሰብሳቢ ሆነ። በ1925 ዓ.ም. ማርች 1 ቀን ሞተ፤ በከተማይቱ በሚገኘው በቅዱስ ሉዊስ ቁጥር 1 መካነ መቃብርም ተቀበረ። ሲሞት የተከራከረበት ሕግ እንደ ጸና፣ እርሱም በመዝገብ ጥፋተኛ እንደ ተባለ ነበር።

በ1954 ዓ.ም. ሜይ 17 ቀን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሕዝብ ትምህርት ቤቶች ውስጥ እኩል ግን የተለያየ የሚለው መርሕ ቦታ እንደሌለው በሙሉ ድምፅ ወሰነ። በሚቀጥለው ዓመት ዲሴምበር ወር ሮዛ ፓርክስ በሞንትጎመሪ ከተማ በአውቶቡስ ወንበር ምክንያት ተይዛ አሥር ዶላር መቀጮና አራት ዶላር የችሎት ወጪ እንድትከፍል ተፈረደባት። ጠበቆች ቀላል የወንጀል ክስ በግዛት ፍርድ ቤቶች ውስጥ ታፍኖ ሊቀር እንደሚችል ተረድተው ስለ ነበር በእርስዋ መዝገብ ላይ ብቻ አልተማመኑም፤ በሌሎች ሴቶች ስም የተለየ የፍትሐ ብሔር ክስ በፌዴራሉ ፍርድ ቤት አቀረቡ። በ1956 ዓ.ም. በከተማይቱ አውቶቡሶች ላይ የነበረው መለያ የተሻረው በዚሁ ክስ ነው። ፕሌሲ የተከራከረለት ነገር ከስድሳ ዓመት በኋላ ተፈጸመ።

የጠቅላላው ሕግ መሻር ግን የእርሱን የግል መዝገብ አልሻረውም። ሕግ ሲለወጥ በቀድሞው ሕግ የተቀጡት ሰዎች ፍርድ በራሱ ጊዜ አይፋቅምና። በ2006 ዓ.ም. ሉዊዚያና በዘር መለያ ሕጎች ለተቀጡ ሰዎች ይቅርታ የሚሰጥበትን ሥርዓት የሚያቃልል ሕግ አወጣች። በ2021 ዓ.ም. ኖቬምበር ወር የግዛቱ የይቅርታ ቦርድ የፕሌሲን ጉዳይ ተመልክቶ በሙሉ ድምፅ ደገፈው። በ2022 ዓ.ም. ጃንዋሪ 5 ቀን አገረ ገዥው ጆን ቤል ኤድዋርድስ ፕሌሲ ከተያዘበት ስፍራ አጠገብ በተደረገ ሥነ ሥርዓት የይቅርታውን ጽሑፍ ፈረመ። የዳኛ ፈርጉሰንና የፕሌሲ ዘመዶች አስቀድመው በጋራ ድርጅት አቋቁመው ታሪኩ እንዲታወቅ ሲሠሩ ቆይተው ነበር።

ሃያ አምስት ዶላሩ የተከፈለው ጃንዋሪ 11 ቀን 1897 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ይህ ቀላል የተባለው ጥፋት በአንድ ጫማ ሰፊ ስም ላይ የቆየው ስድስት ቀን ለጎደለው 125 ዓመት ሆነ። ሕጉ ለዚህ ጥፋት የወሰነው ከፍተኛ እስራት ሃያ ቀን ብቻ ነበር።